የማውቀው አዳራሹን ነበር

የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ክፍል ውስጥ ካነበቡልኝ ቀን ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል። ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ፤ የአውቶቡስ ፌርማታውን ግፊያ፣ የእናቴንና የሾላ ነጋዴዎችን ክርክር፣ የጎረቤታችንን በግ ሳይቀር። አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳሰብኩት ሲወጣልኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ይሄኛውን ግን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እዚህ ውስጥ ጥሩዋ ልጅ እኔ አይደለሁም።

ካራቴ የጀመርነው አምና ክረምት ነው፤ እኔና አንድ ዴስክ የምንጋራው ጓደኛዬ። ቀበሌያችን ወጣቶችን ለስፖርት ሲመዘግብ ሴቶቹ ሁሉ መረብ ኳስ ጋ ተሰለፉ፣ እኛ ካራቴ ጋ። መዝጋቢው ቀና ብሎ አየንና «እናንተ፣ የመረብ ኳሱ ሰልፍ በዚያ ነው» አለን።

«አውቀን ነው» አልኩት። ያኔ እንዴት እንደኮራሁ!

ልብሱን የሰፉልን የጓደኛዬ አባት ናቸው። ወሎ ሰፈር አስፋልቱ ዳር ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቤታቸውም ከሱቁ ጀርባ ነው። እናቴ ከሾላ አቡጄዲ ገዝታ ሰጠችኝና እሳቸው ሁለታችንንም ለክተው ሰፉልን። ሲለኩን ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«ሴት ልጅ እግሯን ሰው አፍንጫ ድረስ ማንሳቷ ምን የሚሉት ነው?» አሉ ሜትሩን ትከሻዬ ላይ እየዘረጉ።

«አባባ፣ እግር ብቻ አይደለም እኮ» አለች ልጃቸው።

«እኔ አላውቅም። ሰው ፊት የምታሳዩ ቀን መጥቼ አያለሁ። የሚያኮራ ከሆነ ትቀጥያለሽ። የሰው መሳቂያ የሚያደርግሽ ከሆነ ግን ይሄን አቡጄዲ የትራስ ልብስ አደርገዋለሁ።»

እኛ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ጓደኛዬም ወዲያው ሳቋን ዋጠች፤ አባቷን ታውቃቸዋለች።

የምንለማመደው በቀበሌው አዳራሽ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አዳራሹ ብዙ ሥራ አለበት። ስብሰባውም መሠረተ ትምህርቱም እዚያው ነው። የሕብረት ሱቁ ስኳር ሲመጣ ደግሞ በቀኝ በኩል ግድግዳው ሥር ይከመራል። በግራ በኩል በሩ ነው። ከፊት ለፊት ከመድረኩ በላይ የሦስት ፂማም ፈረንጆች ምስል ተሰቅሏል። (ይህን ደብተር የቀበሌ ሰው ካነበበው ጉዴ ፈላ። ስማቸው ጠፍቶኝ አይደለም።)

አሠልጣኛችን ቀን ቀን ጋራዥ የሚሠራ፣ ጥፍሩ ሥር ግሪስ የማይጠፋ ወጣት ነው፤ ማስተር ነው የምንለው። ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማረን ካታ የሚባለውን ነው። በካታ ተጋጣሚ የለም። ሰው ብቻውን ይቆምና በተወሰነ ቅደም ተከተል ይከላከላል፣ ይመታል፣ ይዞራል። ሁልጊዜ ያው ነው፤ አንድ እርምጃ አይጨመርም፣ አንድ አይቀነስም። ማስተር ሁልጊዜ እንዲህ ይል ነበር፦

«ቤታችሁ ሥሩት። አንድ ቀን ወደ ኩሽናው ዞራችሁ፣ አንድ ቀን ወደ አጥሩ ዞራችሁ። ዓይናችሁ ምንም ነገር አይፈልግ።»

እኔ ካታ አልወድም ነበር። የምወደው ፍልሚያ ነው፤ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ፣ ልቤ እየደለቀ፣ ማን ቀድሞ ይመታል የሚለው። ከስልጠና ስንመለስ ጓደኛዬን አበሽቃት ነበር።

«ዳንስ ነው ባክሽ! ሌባ ቢመጣብሽ ‹ቆይ ካታዬን ልጨርስ› ልትዪው ነው?»

«እግሬ ራሱ እንዲያውቀው ነው የምፈልገው» ትለኛለች።

«እግር ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቀው?»

ትስቃለች፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ግቢያቸው ውስጥ ስትሠራው ታረፍዳለች። እኔ ደግሞ ሳልደክም የማስታውስበት ዘዴ አግኝቼ ነበር። ወደ በሩ ዞሬ እከላከላለሁ። ወደ ስኳሩ ዞሬ እከላከላለሁ። ከዚያ ወደ ፂማሞቹ ሦስት እርምጃ በቡጢ፤ ሦስተኛው ላይ ጩኸት። ከጩኸቱ በኋላ በጀርባ በኩል ብዙ የሚያዞር ከባድ መዞር አለ፤ እሱም ለእኔ ከባድ አልነበረም። እዞራለሁ፣ ስኳሩን ሳይ እቆማለሁ። በቃ። አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። ስኳሩ ታድሎ ሲያልቅ እንኳ ባዶ ጆንያዎቹ ስለሚቀሩ ችግር የለብኝም።

ከዚያ የአካባቢው ቀበሌዎች ሁሉ የሚገናኙበት የስፖርት ትርኢት ደረሰ። ማስተር ሦስት ሴቶች በአንድነት ካታ እንዲያሳዩ ወሰነ፤ አንዷ ፊት፣ ሁለቱ ከኋላ። እኔ፣ ጓደኛዬ፣ እና ከሌላ ትምህርት ቤት የምትመጣ አንዲት ረጅም ልጅ ተመረጥን።

«ቤት ትሠሪያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«በቀን ሃያ ጊዜ» አልኩት። ቁጥሩ ከአፌ ሲወጣ ራሴንም ገረመኝ።

«ድምፅሽም ጥሩ ነው። ፊት ቁሚ። እናንተ ከኋላ እሷን እያያችሁ ትሠራላችሁ።»

ጓደኛዬ ዞር ብላ አየችኝ። መንገድ ላይ «ሃያ ጊዜ?» አለችኝ። «ሃያም ባይሆን…» አልኩና ሌላ ወሬ አመጣሁ። አባቷ እንደሚመጡና ያ ቀን ለእሷ ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ትርኢቱ የነበረው ወደ ገርጂ በኩል፣ ቤቱ አልቆ እርሻው በሚጀምርበት ሜዳ ላይ ነው። ሕዝቡ በአራቱም በኩል ከቧል፤ የክብር እንግዶቹ ጓዶች በድንኳን ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የጓደኛዬን አባት ከሩቅ አየኋቸው። የክት ኮታቸውን ለብሰው ከፊተኛው ረድፍ ቆመዋል። ማስተር ከድንኳኑ ኋላ ወንዶቹ በእጃቸው የሚሰብሩትን ሸክላ እየደረደረ ስለነበር እኛን ማየት አይችልም።

አጀማመራችን አምሮ ነበር። ከከሳሿ ከራሴ ስሙት፤ በእውነት አምሮ ነበር። ሦስታችንም በአንድ ላይ ዞርን፣ በአንድ ላይ ረገጥን። ወደ ድንኳኑ ሦስት ቡጢ ሰንዝረን በሦስተኛው ላይ ስጮህ ሕዝቡ አጨበጨበ። ጭብጨባው ጆሮዬ ውስጥ እንዳለ በጀርባዬ ዞርኩና ስኳሩን ፈለግኩ።

ስኳር የለም። በሩም የለም። በሁሉም በኩል ሰው፣ በሁሉም በኩል ሰማይ ነው። እግሬ የሆነ ቦታ መቆም ነበረበትና በግራ በኩል ቆመ። መቆም የነበረበት በቀኝ ነው።

ረጅሟ ልጅ ዓይኗ እኔ ላይ ስለነበር ተከትላኝ ወደ ግራ ዞረች። ጓደኛዬ ብቻ ወደ ቀኝ ዞረች። ትክክሏ እሷ ነበረች። ግን ሁለት ሰው በአንድ በኩል፣ አንድ ሰው በሌላ በኩል ሲሆን ተመልካች ማንን ተሳሳተ ይላል?

«ኧረ አንዷ መንገድ ጠፋባት!» አለ አንዱ።

«እነዚህ ወደ ቦሌ ናቸው፣ እሷ ወደ መገናኛ!»

«እህቴ፣ ታክሲው እንዳያመልጥሽ!»

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተገላበጠ። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ ሲገባን እኔና ረጅሟ ወደ ፊት ገሰገስን። ጓደኛዬ ጀርባዋን ለድንኳኑ ሰጥታ ብቻዋን ወደ ኋላ ሄደች። አላቋረጠችም፣ አልተቻኮለችም። እግሯ መሬቱን ሲረግጥ ከኋላዬ ይሰማኛል፤ ድምፁ እየራቀ ሲሄድ ማን እንደተሳሳተ ያን ጊዜውኑ አወቅኩ። አላወቅኩም ነበር ብዬ ብጽፍ እንዴት ደስ ባለኝ።

ስንጨርስ ማስተር ሸክላውን ጥሎ እየሮጠ መጣ።

«ምንድን ነው የሚሳቀው? ማነው የተሳሳተው?»

«እሷ ናት። ብቻዋን ዞረች» አለች ረጅሟ ወደ ጓደኛዬ እያመለከተች። እሷ አልዋሸችም፤ የመሰላትን ነው የተናገረችው።

«ማስተር፣ እኔ ልክ ነኝ» አለች ጓደኛዬ።

«ሁለቱ ተሳስተው አንቺ ብቻ ልክ?» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ፊት የነበርሽው አንቺ ነሽ። ማናችሁ ናችሁ?»

አባቷ መጥተው አጠገባችን ቆመው ነበር። ጓደኛዬ አየችኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት።

«ደንግጣ ነው፣ ማስተር» አልኩ።

ተሳስታለች እንኳ አላልኩም። ያዘንኩላት አስመሰልኩ። ከሁሉም ነገር ይሄ ነው እስካሁን ፊቴን የሚያቃጥለኝ፤ ውሸቱን አሳምሬ፣ እንደ ጥሩ ጓደኛ ሆኜ መናገሬ።

አባቷ «ነይ፣ እንሂድ» አሏት። ሄዱ።

ማክሰኞ አልመጣችም። ቅዳሜም አልመጣችም። ትምህርት ቤት ደግሞ ደብተሯን ሰብስባ ሌላ ዴስክ ተቀመጠች። ትርኢቱን ያዩ የክፍላችን ልጆች «መገናኛ» የሚል ስም አወጡላት። በበሩ ስትገባ «መገናኛ፣ አንድ ሰው የሞላ!» ይላሉ እንደ ታክሲ ረዳት። እኔን ግን መንገድ ላይ የማያውቁኝ ሰዎች ያቆሙኝና «ጎበዝ፣ ጓደኛሽ ስትሳሳት እንኳ ሳትደናገጪ ጨረስሽ» ይሉኛል። አመሰግናለሁ እላለሁ። እላቸው ነበር፣ አዎ።

አንድ ቀን ጠዋት ምናልባት ልክ የነበርኩት እኔ ብሆንስ ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ሰው እንዲህም ተስፋ ያደርጋል። ነጠላ ጫማዬን አወለቅኩና ግቢያችን ውስጥ ወደ ኩሽናው ዞሬ ካታውን ጀመርኩ። ውሃ ቧንቧው ጋ ጨረስኩ። ወደ አጥሩ ዞሬ ደገምኩት፤ የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ጨረስኩ። አራት ጊዜ ሠርቼ አራት ቦታ ላይ ቆምኩ። እናቴ በመስኮት «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ።

ምን እንደጠፋብኝ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ካታውን አላውቀውም። የማውቀው አዳራሹን ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በእውነት መሥራት ጀመርኩ። መጀመሪያ በቀስታ፣ እርምጃውን እየቆጠርኩ፤ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ። ውሻችን እየዞረች ትጮህብኛለች። ስድስተኛው ቀን ላይ ይመስለኛል፣ ጨርሼ ዓይኔን ስገልጥ እግሬ ነጠላ ጫማዬ አጠገብ ነው። ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሬ ሠራሁት። አሁንም ነጠላ ጫማዬ አጠገብ። ለካ ካታው በትክክል ከተሠራ የሚያልቀው የተጀመረበት ቦታ ላይ ነው! ማስተር መቶ ጊዜ ነግሮን ይሆናል፤ እኔ ስኳሩን እያየሁ ነበር እንጂ አልሰማሁትም። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ትርኢቱ ሲያልቅ እኔ የት ነበርኩ? እሷስ?

ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ሄድኩ። አባቷ መኪናቸውን እየረገጡ ይሰፋሉ።

«እንደምን ዋሉ፣ አባባ።»

«ደህና። እሷ የለችም፣ ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች።»

«እርስዎን ነው የፈለግኩት። የትርኢቱ ቀን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እሷ አይደለችም።»

የመኪናው ድምፅ ቆመ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና ለስለስ ብለው «አዝነሽላት ነው የመጣሽው። ጥሩ ጓደኛ ነሽ» አሉኝ።

ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ይሄ ነበር።

«አይደለም፣ አባባ! እውነቴን ነው።»

«ስሚኝ ልጄ። መሳሳቷ አይደለም ያናደደኝ። እኔም እጅጌ ገልብጬ እሰፋለሁ። ቤት ገብታ ‹ሁለቱ ናቸው የተሳሳቱት፣ እኔ ልክ ነኝ› አለችኝ። ሰው ጥፋቱን በጓደኞቹ ያላክካል? ይኸው እስከ ዛሬ ‹ልክ ነኝ› ነው የምትለው። ልጄ ውሸት አታውቅም ነበር። ውሸት ተምራ የምትመጣበት ቦታ መልሼ አልልካትም።»

የእኔ ፍርሃት የነበረው ስለሳቁ ነው፤ ሳቁ ያልፋል ብዬ ነበር። ለካ ገዛ አባቷ ፊት ውሸታም አድርጌያት ኖሯል።

«ውሸታሟ እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፅ አለሽ የተባልኩት ልጅ ድምፄ አልወጣ አለኝ።

«እኔ በምን አውቃለሁ? ሁላችሁም አየር ነው የምትደበድቡት።»

ያን ጊዜ ጓደኛዬ ጀሪካን ይዛ በጓሮ በር ገባች። እኔን ስታይ ቆመች፤ ጀሪካኑን ግን አላስቀመጠችም።

«አባባ፣ ሲያልቅ እሷ የት ቆማ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

አሰቡ። «የት ነበርሽ አንቺ… መሃል ላይ። ስትጀምሩ የነበራችሁበት ጋ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ድንኳኑ ውስጥ ልትገቢ ምንም አልቀረሽም። የቀበሌው ሰብሳቢ እንዳትደፊበት ብርጭቆውን አንስቶ የለ እንዴ!»

«ካታ የሚያልቀው የተጀመረበት ላይ ነው» አልኩ።

ከጠረጴዛው ላይ ጨርቅ የሚያሰምሩበትን ጠመኔ አንስተው ወደ ግቢው ወጡና ድንጋይ ንጣፉ ላይ መስቀል አሰመሩ። ልጃቸውን መስቀሉ ላይ አቁመው «ሥሪው» አሏት። ጀሪካኑን አስቀምጣ ሠራች። ጨርሳ ስትቆም እግሯ ጠመኔው ላይ ነው። በትከሻዋ ይዘው ወደ ውጭው በር አዞሯትና አሠሯት፤ ጠመኔው ላይ። ወደ ግድግዳው አዞሯት፤ ጠመኔው ላይ። ፊቷን ላብ አጥቦታል፤ ወይም ላብ ብቻ አልነበረም።

«አሁን አንቺ። ልክ እንደዚያን ቀን አድርገሽ።»

ስህተቴን አውቄ ሠራሁት። ሦስት ሰው ብቻ ባለበት ግቢ፣ ሁለቱ እያዩኝ፣ ወደ ግራ ዞሬ፣ ወደ ፊት ሄጄ፣ የውሃ በርሜላቸውን በቡጢ ልመታ ስል ቆምኩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

አባቷ ጠመኔውን ኪሳቸው ከተቱ። ወደ ልጃቸው ዞረው «ነግረሽኝ ነበር። አልሰማሁሽም» አሉ። ከዚያ፣ «ማክሰኞ ትሄጃለሽ።» ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «አንቺም ትሄጃለሽ። የዋሸሽው ሰው መሃል ነው፤ ለእኔ ሹክ ብለሽ አይቀርም።»

ማክሰኞ ሠላሳ ልጆች በተሰለፉበት ወጥቼ ተናገርኩ። ሃያ ጊዜ ያልኩትንም፣ ደንግጣ ነው ያልኩትንም። ረጅሟ ልጅ እስክጨርስ አልጠበቀችኝም።

«አንቺ! እኔንም እኮ አስዋሸሽኝ!»

ማስተር እጁን በሱሪው እየጠረገ ጓደኛዬ ፊት ሄደ። «ማጣራት ሲገባኝ ፈረድኩብሽ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ «ኋላ ሂጂ» አለኝ። ሄድኩ።

በአዳራሹ የተናገርኩት ግን አዳራሹ ውስጥ ቀረ። ክፍል ውስጥም ተነስቼ ተናግሬያለሁ፤ ግማሾቹ አመኑኝ፣ ግማሾቹ እንደ አባቷ «አዝነሽላት ነው» አሉኝ። የማያውቋት ሕፃናት ሳይቀሩ ዛሬም መንገድ ላይ «መገናኛ!» ብለው ይጠሯታል። እሷ አትዞርም። እኔ ነኝ የምዞረው።

በዚህ ወር አዲስ ሴት ልጆች ተመዘገቡ፤ አሥራ አንድ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ወገቤ ድረስ ነው የሚደርሱት። ማስተር ካታውን እንድታስተምራቸው ለጓደኛዬ ሰጣት፤ እኔንም ከእነሱ ጋር እንደ አዲስ እንድጀምር አደረገኝ። በየመሃላችን ትዞራለች። የአንዷን እግር በእግሯ ገፋ ታደርጋለች፣ የሌላዋን ወገብ ታቃናለች። እኔ ጋ ስትደርስ የተለየ ቁጣ የላትም፤ የተለየ ፈገግታም የላትም። ለእሷ እንደ አሥራ አንዱ ልጆች ነኝ።

«ክርንሽን ዝቅ» ትለኛለች።

ዝቅ አደርጋለሁ። ታየዋለች፣ ወደሚቀጥለዋ ታልፋለች።